ዘጠነኛ ክፍል ለመግባት ያረጀሁት እርጅና

በአንድ ወር ውስጥ አሥራ አራት፣ ሃያ ሁለት እና ሠላሳ ዓመት ሆኜ አውቃለሁ። ሌላው ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ስንት ክረምት ያሳልፋል፣ ስንት ጫማ ይጠበዋል። እኔ የሞላሁት አንድ ፎርም ብቻ ነው። ሠላሳ የሆንኩ ለታማ ጉልበቴን አመመኝ። እውነቴን ነው! ደብዳቤውን አንብቤ ስነሣ ቀጭ ሲል ሰምቼዋለሁ።

ከሥሩ ልጀምር። እናቴ የእንስሳት ሐኪም ናት። ደባርቅ ውስጥ «የዶክተሯ ልጅ» ነው የምባለው። ይህን የሰማ እንግዳ ሁሉ «እስኪ ለእናትሽ ንገሪልኝ፣ ወገቤን ይዞኛል» ይለኛል። የበግና የበቅሎ ሐኪም መሆኗን ስነግረው ትንሽ ያስብና «ቢሆንስ፣ ወገብ ወገብ ነው» ይላል። እንግዲህ ይህች እናቴ ናይሮቢ ውስጥ የሁለት ዓመት ሥራ አገኘች። ምሳ እየበላን ነገረችኝ።

«እኔስ?» አልኳት።

«አንቺማ ትምህርት ቤት ከተቀበለሽ አብረሽኝ ነሽ። ሳይቀበሉሽ ግን ይዤሽ ሄጄ፣ ሰው አገር ዓመት ሙሉ ቤት ዘግቼብሽ አልውልም። ካልሆነ ዳባት እትዬ ጥሩዓለም ጋ ሆነሽ ትማሪያለሽ።»

እትዬ ጥሩዓለም የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ክፋት የለባትም፤ ዳባትም ክፋት የለበትም፣ ሚኒባስ ከተገኘ ቅርብ ነው። ነገር ግን እናቴ ለመስክ ሥራ ወጥታ አምስት ቀን ስትቆይ፣ አምስተኛው ቀን ላይ የሥራ ጋውኗን ለብሼ ነው የምተኛው። ጋውኑ በግ በግ ይሸታል። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ አሁን ጻፍኩት እንጂ። ሁለት ዓመት ስንት አምስት ቀን እንዳለው አሰብኩና ሒሳቡን መሃል ላይ ተውኩት።

አሁን ደግሞ ስለ ራሴ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ፤ ጥፋቱ ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነውና። ባለፈው ዓመት አንድ ጽሑፌ በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ተነቦ ነበር። ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ፣ ያ ሁሉ ተማሪ በብርድ እየተንቀጠቀጠ የእኔን ዓረፍተ ነገር ሰማ። ድምፅ ማጉያው መሃል ላይ ስለጠፋ ግማሹ አልተሰማም። ይበልጥ የተጨበጨበለትም ያልተሰማው ግማሽ ነው። ቢሆንም ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ ተራ ሰው አይደለሁም፤ ጸሐፊ ነኝ። ወፍጮ ቤት ሄጄ ስመለስ እንኳ አረማመዴ የጸሐፊ ነው።

እናቴም ይህንኑ ታውቃለች። ስለዚህ አዲሱ መሥሪያ ቤቷ አጠገብ ያሉ የሦስት ትምህርት ቤቶችን ስም በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። «አንቺ አይደለሽ ጸሐፊዋ? በይ ምረጪና ራስሽ ጻፊላቸው» ብላ ለክትባት ዘመቻ ጃናሞራ ወረደች። እዚያ ደግሞ ስልክ ለመደወል መጀመሪያ ተራራ መውጣት ያስፈልጋል። እናቴ ስትወጣ እኔ አልሰማም፤ እኔ ስደውል እሷ ወርዳለች። ያን ወር ሙሉ ጥቂት ቀን ብቅ እያለች፣ ልብሷን እያጠበች፣ መልሳ ትሄድ ነበር።

ምክር ፍለጋ አጎቴ ሱቅ ሄድኩ። አጎቴ ጋሼ መንገሻ በሊማሊሞ መውጫ በኩል ፍራሽ ይሸጣል። ሱቁ ውስጥ ፍራሽ ከሚገዛው ሰው ይልቅ ፍራሽ ላይ የሚቀመጠው ይበዛል፤ ከሁሉም የማይጠፉት ሁለት ናቸው። አንደኛው ያጠመቁኝ ቄስ፣ መምሬ አድማሱ ናቸው። ሁለተኛው አቶ ይርዳው ናቸው፤ ለተራራ ጎብኚዎች በቅሎ ያከራያሉ። በስልኬ የሦስቱን ትምህርት ቤቶች ፎቶ አሳየኋቸው።

ጋሼ መንገሻ ስልኩን ራቅ አድርጎ ያዘና «አጥር አለው?» አለ።

መምሬ አድማሱ «ደወል ይሰማበታል?» አሉ።

አቶ ይርዳው ስልኩን ተቀብለው አንዱን ፎቶ ለረጅም ጊዜ አዩና «ይህን የመሰለ ሣር ማነው የሚያጭደው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ለኳስ ነው፣ አቶ ይርዳው።»

«ለኳስ! ኳስ ሣር ይበላል?» አሉ፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ትምህርት ቤት ላይ ያላቸው እምነት አልተመለሰም።

እኔ የፈለግሁት ግን መዋኛ ያለውን ነበር። ዋና አልችልም። ደባርቅ ውስጥ ጠዋት ፊትን መታጠብ ራሱ ጀግንነት ነው፤ ማን ሙሉ ሰውነቱን ውኃ ውስጥ ይነክራል? ነገር ግን ጸሐፊ ስለሆንኩ ከመዋኛው ወጥቼ ፀጉሬን እያራገፍኩ ለአንድ ሰው ስመልስ ታየኝ። ጥያቄው ምን እንደሆነ አልታየኝም፤ መልሱ ግን በጣም ብልህ ነበር። ሁለተኛው ትምህርት ቤት ፈረስ መጋለብ ያስተምራል። ሦስተኛው ግን በፎቶው ላይ አንድ ረጅም ሕንፃ፣ አንድ ዛፍና አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው ያለው።

በችኮላ መምረጥ የደካማ ሰው ሥራ ስለሆነ ሠንጠረዥ ሠራሁ። በአራት ቀለም። ለመዋኛው ሰማያዊ፣ ለፈረሱ ቡናማ፣ ለዩኒፎርሙ ሮዝ፤ ለሦስተኛው ትምህርት ቤት እርሳስ ይበቃዋል ብዬ «ምንም የለውም» ብዬ በእርሳስ ጻፍኩ። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ሠንጠረዡ ሲያልቅ እንዴት ያምር ነበር! ግድግዳ ላይ ለጥፌ፣ ወደ ኋላ ራቅ ብዬ አይቼው፣ ልመዘገብ ስልኬን ስከፍት ባለ መዋኛው ምዝገባውን ከዘጋ አምስት ቀን ሆኖታል። ባለ ፈረሱ የዘጋው በዋዜማው ነው።

የቀረኝ በእርሳስ የጻፍኩት ብቻ ሆነ። ያን ጊዜ ዛፉን እንደገና አየሁት። ለካ ግሩም ዛፍ ነው!

ፎርሙን የዚያኑ ዕለት ሞላሁ። የትውልድ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ይላል። በጥንቃቄ፣ በሚያምር አጻጻፍ ሞላሁት፤ በእኛ አቆጣጠር። ሰዓት ቢጠይቁኝ ኖሮ አልሳሳትም ነበር። ቱሪስት ሲመላለስበት ባደግንበት ከተማ የፈረንጅና የሐበሻ ሰዓት ልዩነት ለእኛ የቁርስ ያህል ነው። ዓመቱን ግን ማን ያስባል? ሰው ከነዓመቱ ነው የሚወለደው። በዚህም የተነሣ ናይሮቢ ያሉ ሰዎች ዓመቱን በእነሱ አቆጣጠር አንብበው ስምንት ዓመት ጨመሩልኝ፤ ሃያ ሁለት ሆንኩ።

ይህ ብቻ ቢሆን ስህተት ተብሎ ይታለፍ ነበር። ግን ከታች አንድ ጥያቄ አለ። «እስከ ዛሬ የተሸከምሽውን አንድ ኃላፊነት ግለጪ።» እውነተኛው መልስ ይህ ነው፦ ክረምቱን ዳባት ሄጄ የእትዬ ጥሩዓለምን ሦስት ልጆች አሥራ ሁለት ቀን ጠብቄያለሁ፤ እንዲያውም ትልቁ ልጅ እኔን ይጠብቅ ነበር። አሁን ይህ ምኑ ይጻፋል? አንድ ጸሐፊ እንዲህ ብሎ ስሙን ያስጠፋል? ስለዚህ በእንግሊዝኛ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በብርድና በችግር መካከል ሦስት ልጆችን ብቻዬን አሳድጌያለሁ። ዛሬ ራሳቸውን ችለዋል።» ራሳቸውን ችለዋል ያልኩት ትንሿ የጫማዋን ማሰሪያ ማሰር ስለለመደች ነው።

በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። የጻፈው የምዝገባ ክፍሉ ሰው ነው። በእንግሊዝኛ አንቺና አንቱ የለም ይላሉ፤ ያ ደብዳቤ ግን አንቱ ይለኝ ነበር። የሦስት ልጆች ወጣት እናት ሆነው ሳለ ወደ ትምህርት ለመመለስ በመነሣትዎ ልባችን ተነክቷል ይላል። ሆኖም ዘጠነኛ ክፍል የምንቀበለው ልጆችን ስለሆነ ለጎልማሶች የማታ ትምህርት ያለበትን ቦታ ልንጠቁምዎ እንችላለን። ልጆችዎን የሚያቆዩበት ክፍልም አለው።

ሳቅሁ። ቀላል ነው ብዬ የልደት ወረቀቴን ፎቶ አንሥቼ ከነትርጉሙ ላክሁለት። ወረቀቱ በእጅ የተጻፈ፣ የቀበሌ ማኅተም ያለበት ነው፤ ዓመቱም ያው የእኛው ነው። የገዛ ወረቀቴ ተነሥቶ መሰከረብኝ።

ከዚህ በኋላ ማንኛውም አስተዋይ ልጅ አንድ መስመር ይጽፋል። እኔ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ስለ ፀሐይ መውጣት፣ ስለ አደይ አበባ፣ ስለ አሥራ ሦስተኛዋ ትንሽ ወራችን ጻፍኩ፤ ጳጉሜን ጋ ስደርስ ራሴው እንባ ተናነቀኝ። ዋናውን ነገር በመጨረሻው መስመር አስገባሁት፦ «በእናንተና በእኛ መካከል ስምንት ዓመት አለ።» ወዴት እንደሆነ ግን አልጻፍኩም። ሰውየው ምን ያድርግ? ደመረው።

«ውድ እመቤት፣ በሠላሳ ዓመትዎ ያሳዩት ጽናት...» ብሎ ጀመረ። ጉልበቴ ቀጭ ያለው ያኔ ነው።

ስቄም አላባራሁ፣ አልቅሼም አላባራሁ። ስልኬን ይዤ ወደ ፍራሽ ሱቁ ሮጥኩ። ጋሼ መንገሻ ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ አስተረጎመኝ።

«መጀመሪያ የጻፈልሽ ማነው?» አለኝ።

«እኔው ነኝ።»

«ከመላክሽ በፊትስ ያየልሽ?»

«ማንም።»

«ሦስት ልጆች የምትለዋ ነገርስ?»

«እሷ... ለማሳመር ነው።»

«በይ አሁን የሚሆነውን ስሚኝ። ወረቀት ያበላሸውን ወረቀት አያስተካክለውም፤ አንች ደግሞ እስክሪብቶ ስትይዢ ሰው አትሰሚም። ቀበሌ እንኳ ወረቀት የሌለው ሰው ሦስት ምስክር ይዞ ሲሄድ ያምነዋል። ሰው ነው የሚያስፈልገው። ጻፊ፣ እኔ እነግርሻለሁ።»

አራት መስመር አስጻፈኝ። ልጅ ነኝ፣ በቁጥር ተሳስቻለሁ፣ የሚያውቁኝ ሰዎች አሉ፣ እባካችሁ አነጋግሩን። የዚያኑ ቀን ራሷ ርዕሰ መምህሯ መለሰች። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በቪዲዮ ታነጋግረናለች፤ አንድ ቦታ ብቻ ቀርቷል፤ እሱንም ከሰኞ በኋላ አታቆየውም። ሁለት ገጽ ያላመጣውን አራት መስመር አመጣው። ይህ ለጸሐፊ እንዴት እንደሚያም አትጠይቁኝ።

ሐሙስ ደረሰ። እናቴ የምትመለሰው ቅዳሜ ነው። ሱቁ ስደርስ ምስክርነቱ በአንድ ሌሊት ሽምግልና ሆኖ ጠበቀኝ። ጋሼ መንገሻ፣ መምሬ አድማሱና አቶ ይርዳው ነጫጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሚስት ሊጠይቁ የሚሄዱ ይመስል ተሰልፈዋል። አቶ ይርዳው ጺማቸውን ተላጭተዋል። እኔም በጋሼ ትእዛዝ «ወግ ያለው ልብስ» ለብሻለሁ፤ ይህም ማለት የእናቴን ኮት ትከሻው ከእኔ ትከሻ አንድ ስንዝር አልፎ፣ በላዩ ነጠላ፣ ፀጉሬ ሹሩባ። በሱቁ መስታወት ራሴን ሳይ ደንግጬ «እንዴት አደሩ» ልል ነበር። ሠላሳ ዓመቴ አይደለም ብላ ለምትከራከር ልጅ ከዚህ የተሻለ ልብስ አይገኝም።

ከፎቶ ኮፒ ቤት የተዋስነውን ላፕቶፕ ሁለት ፍራሽ ደራርበን ላዩ ላይ አስቀመጥነው። እኔ ከፊቱ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ፤ ከኋላዬ ለሽማግሌዎቹ አግዳሚ ወንበር ተዘጋጅቷል። ሰዓቱ ሲደርስ ስክሪኑ ላይ ርዕሰ መምህሯ ብቅ አለች። ክብ ፊት፣ መነጽር፣ ሰማያዊ ቀሚስ።

በዚያች ቅጽበት ሦስቱም ብድግ አሉ።

«እባካችሁ ተቀመጡ በያቸው» አለችኝ። ተረጎምኩ።

«አንቀመጥም» አለ ጋሼ መንገሻ።

«የመጣንበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም» አሉ መምሬ።

እኛ አገር ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ ቃል ሳይሰጠው እንደማይቀመጥ አውቃለሁ። ለዘጠነኛ ክፍል እንደሚሠራ ግን አላወቅሁም። ዝቅ ያለው ላፕቶፕ ደግሞ ከእኔ ፊት በላይ የሚያሳየው ከደረት በታች ያለውን ነው። ርዕሰ መምህሯ መነጽሯን አስተካከለች።

«ይቅርታ፣ አሁን የማየው ምንድን ነው?»

«ሆድ ነው» አልኩ። «የመሃሉ የአጎቴ ነው። በግራ በኩል የቄሳችን፣ በቀኝ በኩል...»

ስክሪኑን ቀና ላደርገው ስሞክር ፍራሹ ሰመጠና ላፕቶፑ ጣራ ማሳየት ጀመረ። መልሼ ሳወርደው እንደገና ሆድ። ተስፋ ቆርጬ ነገሩን አስረዳኋት፤ መልስ ሳያገኙ መቀመጥ ለእነሱ እንደማይሆን ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አበቃልኝ፣ ዳባት ነኝ አልኩ በልቤ።

«የእኛም አገር አዛውንቶች እንዲሁ ናቸው» አለች። «እነሱ ቆመው እኔ ልቀመጥ አይገባም።» ተነሣች። ፊቷ ወደ ላይ ወጥቶ ሄደና በቦታው ባለ ዘለበት ቀበቶ መጣ።

ከዚያ በኋላ የወደፊት ሕይወቴ በአራት ሆዶች መካከል ተመከረበት። ፊቴ የሚታይ እኔ ብቻ፤ ያውም አስተርጓሚዋ እኔ፣ ተከሳሿም እኔ።

ምስክርነቱን አቶ ይርዳው ጀመሩ። «እናቷ አምባራስ የምትባል መንደራችን በግ ልትከትብ መጥታ ምጥ ያዛት። በእኔ በቅሎ፣ በሸጋ ነው ወደ ደባርቅ ያወረድናት። ከተማ ሳንደርስ፣ መንገድ ላይ ወለደቻት። ሸጋ ያን ጊዜ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ዘንድሮ ሃያ ናት። ቆጥራ ትድረስበት!»

ተረጎምኩ። ዘለበቱ ወደ ስክሪኑ ቀረበ። «የበቅሎዋ ዕድሜ የተቆጠረው በማን አቆጣጠር ነው?» አለች።

አቶ ይርዳው ይህን ስነግራቸው ቅር አላቸው። «በበቅሎ አቆጣጠር ነው በያት!»

መምሬ አድማሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በሰማንያ ቀኗ ያጠመቅኋት እኔ ነኝ። ውኃው ሲነካት ያሰማችው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ዘመኑም ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ አልሳሳትም።»

ዓመቶቻችን በአራቱ ወንጌላውያን ስም በተራ እንደሚጠሩ አስረዳኋት። እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት?

«እንግዲያው ሉቃስ በየአራት ዓመቱ ይመለሳል ማለት ነው» አለች ርዕሰ መምህሯ በዝግታ። «በዚህ ሒሳብ አሥራ አራት ልትሆኚ ትችያለሽ። ወይም አሥራ ስምንት። ወይም... ሃያ ሁለት።»

መምሬ «ምን አለች?» አሉ።

«በትክክል ገብቶኛል ነው ያለችው» አልኳቸው።

ነገሩ ወደ ሃያ ሁለት ሲመለስ ያየ ጋሼ መንገሻ ሊያድነኝ ገባ። እጁን ከጋቢው ውስጥ አውጥቶ «ይህች ልጅ እኮ ልጅ አይደለችም!» ብሎ ጀመረ። «ትልቅ ሰው ናት! የአርባ ዓመት ሴት አእምሮ ነው ያላት!»

በእኛ ከተማ ለሴት ልጅ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም፤ በዚያች ሰዓት ግን ከዚህ የከፋ ቃል አልነበረም። «አጎቴ ጨዋ ልጅ ናት ይላል» ብዬ ተረጎምኩ።

«አርባ ሲል ሰማሁት» አለች። «በእኛ ቋንቋ አርባ ማለት አሮባይኒ ነው፤ በጣም ይመሳሰላል። አርባው ምንድን ነው?»

ሠላሳው አልበቃ ብሎ! «አእምሮዬን ነው» አልኩ፤ ድምፄ እየጠፋ።

ርዕሰ መምህሯ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ አለች። ሽማግሌዎቹ ከእኔ ጥፋቶች አንዱን እንዲነግሯት ትፈልጋለች። ለሁሉም አመልካች የምትጠይቀው ጥያቄ ነው።

ስተረጉም ሦስቱም ተያዩ። ሽማግሌ የሚላከው ሊያመሰግን ነው እንጂ ጥፋት ሊያወጣ አይደለም። ሦስቱ ወደ ግድግዳው ዞረው መመካከር ጀመሩ፤ ስክሪኑ ላይ ሦስት ወገብ ሆነ። «ምንም የለባትም እንበል» ይላል ጋሼ። «ምንም የለበትም የተባለ በቅሎ ማን ይገዛል?» ይላሉ አቶ ይርዳው። በመጨረሻ መምሬ ዞሩ።

«እንግዴህ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ውሸት አልናገርም» አሉ። ወደ እኔ ጎንበስ ሲሉ ፊታቸው ለአንድ አፍታ ስክሪኑ ላይ ታየ። «ልጅቱ ታጋንናለች።»

ከፊቴ የስሜን ተራሮች ገደል ተከፈተ። ይህን ካልኳት ስለ ልጆቹ የጻፍኩት ሁሉ ውሸት መሆኑን በራሴ አፍ አመንኩ። ካላልኩት ደግሞ መምሬን ዋሸሁባቸው። ትንሽ አሰብኩና መሃለኛ መንገድ ያገኘሁ መሰለኝ።

«ቄሳችን የሚሉት» ብዬ ጀመርኩ፣ «ይህች ልጅ እንደ ተራሮቻችን ከፍ ያለ ሐሳብ አላት፤ ትንሽ ነገር በእጇ ሲገባ ታላቅ ይሆናል፤ ጤዛ ስታይ ባሕር ይታያታል፤ ሕዝቡም ይህን ስጦታዋን...» የትኛው ሕዝብ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ጤዛውን ከባሕሩ አልፌ ወደ ውቅያኖስ እየወሰድኩት ሳለ ዘለበቱ ዝቅ ዝቅ እያለ መጣና የርዕሰ መምህሯ ፊት ስክሪኑን ሞላው።

«ቄሱ ሁለት ቃል ነው የተናገሩት» አለች። «አንቺ አንድ ገጽ ተናገርሽ። ሁለቱን ቃል ንገሪኝ።»

የእናቴ ኮት ውስጥ ጠፋሁ። «ታጋንናለች ነው ያሉት።»

«ሦስቱ ልጆችስ?»

«የአክስቴ ናቸው።»

«ስንት ዓመት አሳደግሻቸው?»

«አሥራ ሁለት... ቀን።»

«ራሳቸውን ችለዋል ያልሽውስ?»

«አንዷ የጫማ ማሰሪያ ታስራለች።»

ቀና ለማለት ፈራሁ። ከስክሪኑ የሚንቆረቆር ድምፅ ሰማሁ፤ ኔትወርኩ መሰለኝ። ቀና ስል ርዕሰ መምህሯ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን እየጠረገች ትስቃለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«በቅሎዋን አላውቃትም» አለች ትንፋሿ ሲመለስ። «የሉቃስም ነገር በደንብ አልገባኝም። ግን ብዙ ዘመን ልጆች አስተምሬያለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የሆናት ሴት እንዲህ ያለ ውሸት አትዋሽም፤ ከዋሸችም እንዲህ ቶሎ አትያዝም። ይህ የአሥራ አራት ዓመት ሥራ ነው። አላፍርም፣ በዚህ እምላለሁ። ቦታው የአንቺ ነው፤ መጻፉንም እናስተምርሻለን። በተለይ ማሳጠሩን።»

«ምን አለች? ምን አለች?» ከበስተኋላዬ ሦስቱም በአንድ ጊዜ።

«ተቀበለችኝ!»

እልል ያለው ጋሼ መንገሻ ነው። ወንድ እልል ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ይህንን ደግሞ አላጋነንኩም፣ አቶ ይርዳውን ጠይቁ። ሦስቱም በአንድ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ፤ ፊታቸው ስክሪኑ ላይ ወጣ። እሷም ተቀመጠች። አሁን ገና ስለተያዩ ሰላምታው እንደ አዲስ ተጀመረ። እንዴት ነሽ፣ ልጆችሽ፣ ዘመዶችሽ፣ ዝናቡስ ገባ፣ ከብቱስ? ናይሮቢ መሃል ከብት እንደሌላት ለመግለጽ ጊዜ ፈጀብኝ። መምሬ በመጨረሻ መስቀላቸውን አንሥተው መረቁኝ፦ «ወልደሽ ክበጅ፤ ልጆችሽ ከደጅሽ አይጥፉ።» ይህን ግን አልተረጎምኩም። ስንት ለፍቼ ያጠፋሁትን ልጅ!

ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ ከጃናሞራ ገባች። አቧራ ሆና፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ በር ላይ ያዝኳትና ሁሉንም ነገርኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ አሳጥሬ ነው የነገርኳት። ሃያ ሁለቱን፣ ሠላሳውን፣ ሆዶቹን፣ ጥፋቴን። ሳትስቅም ሳትቆጣም ሰማችኝ። ከዚያ ደጃፉ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና ከመስክ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ከመርፌዎቹ ሥር፣ አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ጠርዙ የተከተበ በግ ምልክት በሚደረግበት ቀለም ቀልቷል። የናይሮቢው ሥራ ውል ነው።

ገልጬ ገልጬ መጨረሻው ገጽ ደረስኩ። ስሟ አለ፤ ከስሟ አጠገብ ያለው መስመር ባዶ ነው።

«አልፈረምሽም እንዴ?»

«እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጥተውኛል።»

«ካልተቀበሉኝ ዳባት ትቀሪያለሽ፣ እኔ እሄዳለሁ ብለሽኝ አልነበር?»

የጫማዋን አቧራ በጣቷ እየጠረገች «ብዬሽ ነበር» አለች። «ምነው፣ የምታጋንኚው አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ? በይ እስክሪብቶሽን አምጪልኝ።»